የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ኃይል አሞላል በተራና በዕቅድ እንምራ

የአንድ ኅብረተሰብ የዕድገት ደረጃ የሚለካው በሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል መጠን ብቻ አይደለም። የመነጨው ኃይል በየትኛው ሰዓት፣ ለየትኛው ተግባር፣ ለማንስ ጥቅም ይውላል የሚለው ጥያቄ ከመጠኑ ያላነሰ ክብደት አለው። በጎተራ የተከማቸ እህል በሥርዓት ካልታደለ ጥጋብን ሳይሆን ጠብን እንደሚያመጣ ሁሉ፣ በሥርዓት ያልተመራ የኤሌክትሪክ ኃይልም በብዛቱ መካከል ጨለማን ሊወልድ ይችላል። የዛሬው ሐተታችን ይህንን ሐቅ በአገራችን ጎዳናዎች ላይ ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ከመጡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አንጻር ይመረምራል። ምርመራችንንም ከአዲስ አበባ ሠፈሮች ጀምረን በሰሜን ተራሮች ግርጌ ወደሚገኙት ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ሳንቃ በር እናደርሰዋለን።

እንደሚታወቀው አገራችን በ1952 ዓ.ም. የቆቃን የኃይል ማመንጫ ሥራ ስታስጀምር ያገኘችው አቅም 43 ሜጋዋት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አቅም ግን 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ይኸውም የቆቃን 120 እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ቀንሶ፣ አርሶ አደሩ ከምርቱ ሸጦ፣ ሊስትሮው ሳይቀር ከዕለት ገቢው ቆጥቦ ቦንድ የገዛበት ይህ ግድብ የሰፊው ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው። የጋራ ሀብት የሆነ ነገር አጠቃቀሙም የጋራ ጉዳይ ይሆናል።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚንቀሳቀሱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በመውሰድ ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። የውሳኔው መሠረታዊ ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን በሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ወንዞች የሚፈልቅ ነው። ዛሬ በአገሪቱ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ከ100,000 በላይ መድረሱን የመንግሥት ባለሥልጣኖች ገልጸዋል። አቅጣጫው ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ ትክክለኛ አቅጣጫ ትክክለኛ አሠራር ካልታከለበት በራሱ ግብ ላይ አያደርስም።

ለመሆኑ ችግሩ ምንድን ነው? በየቡና ቤቱና በየታክሲው የሚሰማው አስተያየት፣ «ዓባይ ከተገደበ ወዲያ ስለ መብራት ማሰብ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ከኩራት የመነጨ ቢሆንም የነገሩን ሁለት ገጽታዎች አንድ አድርጎ የሚመለከት በመሆኑ የተሳሳተ ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ የመነጨውን ኃይል በከፍተኛ መስመር ወደ ከተማ ማድረስ፣ ከዚያም በሠፈር ትራንስፎርመር አልፎ ወደየቤቱ ማከፋፈል ሌላ ነገር ነው። ወንዙ የቱንም ያህል ቢሰፋ ጋኑ የሚሞላው በአንገቱ ስፋት ልክ ነው። የእኛ የጋን አንገት ዛሬ በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ነው። በሰፊው ማመንጫና በጠባቡ ማከፋፈያ መካከል ያለው ይህ ቅራኔ በተጨባጭ ጥናትና በዕቅድ እንጂ በመፈክር አይፈታም።

ጉዳዩን ከምንኖርበት ሠፈር ተነሥተን ብናየው ይበልጥ ይገለጻል። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ምሽት በየቤቱ ምጣዱ ተጥዶ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ የዶሮው ወጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሳለ መብራቱ ሁለት ጊዜ ፈዘዝ፣ ደመቅ ካለ በኋላ ድርግም አለ። ከትራንስፎርመሩ በኩል የተሰማውን ፍንዳታ ያልሰማ አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ከሥራ የተመለሱ ጎረቤቶቻችን፣ ለበዓሉ ወደ ዘመድ የሚሄዱ ነበሩና፣ መኪኖቻቸውን ሁሉም በአንድ ሰዓት ሰክተው ኖሯል። ትራንስፎርመሩ እስኪለወጥ ሦስት ቀን በጨለማ ቆየን። የአንዲት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ሙሉ ቡሃቃ ሊጥ ሆምጥጦ ተደፋ። በማግሥቱ በግቢው በተደረገው ስብሰባ ባለመኪኖቹ «ሂሳባችንን እንከፍላለን፤ ጥፋታችን ምንድን ነው?» አሉ። እናቲቱ ደግሞ «እኔስ አልከፍልም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ጥፋቱ በአንዱ ላይ ብቻ የሚጫን አልነበረም፤ ጥፋቱ የተራ አለመኖር ነበር።

እስቲ ነገሩን በሥሌት እንየው። ለአንባቢያችን ቅርብ የሆነው መለኪያ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በቤት ግድግዳ ላይ የሚተከል የተለመደ የመኪና ቻርጀር ደግሞ 7 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ስለዚህ አንድ መኪና ተሰካ ማለት ሁለት ምጣድ ተጣደ እንደ ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ጋጋሪዋ ስትጨርስ የሚነቀል ሲሆን፣ ባዶ የሆነ የመኪና ባትሪ ግን ለስድስትና ለሰባት ሰዓት ሳያቋርጥ ሊስብ መቻሉ ነው። በአንድ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር የሚጠቀም ሠፈር እናስብ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 35 ምጣድ ቢጣድ 140 ኪሎዋት ይሆናል። በዚያው ሰዓት 10 መኪኖች ቢሰኩ ሌላ 70 ኪሎዋት ይጨመራል። ድምሩ 210 ሆነ። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ሳይቆጠሩ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጫነ ማለት ነው። በዚህ ላይ መኪኖቹ የተሰኩት በሦስቱ መስመሮች ተከፋፍለው ሳይሆን ባጋጣሚ በአንዱ ፌዝ ላይ ተደራርበው ከሆነ ጉዳቱ ፈጥኖ ይመጣል፤ በመስመሩ ጫፍ ያሉ ቤቶች አምፖላቸው ይፈዛል፣ ዕቃቸውም ይቃጠላል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ሠፈር፣ ያንኑ ትራንስፎርመር፣ እነዚያኑ 10 መኪኖች በሌላ ሰዓት እንመልከት። በከተማ ውስጥ በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አንድ አውቶሞቢል የሚያስፈልገው ኃይል 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህንን ለመሙላት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ይበቃል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ ሠፈሩ ሲተኛ፣ አምስቱ መኪኖች ቀድመው አምስቱ ቢከተሉ ትራንስፎርመሩ ከ35 ኪሎዋት በላይ ለመኪና አይሸከምም። ሌሊቱ ሳይነጋ ሁሉም ሞልተው ያድራሉ። አንድም ሽቦ ሳይጨመር፣ አንድም ብር ለአዲስ ትራንስፎርመር ሳይወጣ፣ በሰዓት ድልድል ብቻ ጨለማው ወደ ብርሃን ተለወጠ ማለት ነው።

ይኸው ሥሌት በአገር ደረጃም ይሠራል። 100,000 መኪኖች ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ይዘው በአንድ ምሽት በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 700 ሜጋዋት ይጠይቃሉ፤ ይህም በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ማመንጫ ካለው 300 ሜጋዋት አቅም ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እያንዳንዳቸው በቀን የሚያስፈልጋቸውን 8 ኪሎዋት ሰዓት በሌሊቱ ስምንት ሰዓቶች ላይ ተከፋፍለው ቢወስዱ ግን የሚጠይቁት 100 ሜጋዋት ብቻ ነው። የኃይሉ ድምር አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን ወደ ሰባት አንደኛ ወረደ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንን ነው። በአንድ ሰዓት ላይ ሸክም የሆነው በስምንት ሰዓት ላይ ሲታደል ጌጥ ይሆናል። በተጨማሪም ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። በግድብ ያለ ውኃ ዛሬ ባይሠራበት ለነገ ሊቆይ ይችላል፤ በሌሊት ሥራ ፈትተው ያደሩት መስመርና ትራንስፎርመር ግን ያ ያባከኑት ሰዓት ተመልሶ አይመጣላቸውም።

በትምህርት ላይ ሳለን በውጭ አገር መምህሮቻችን ደጋግመው ያስገነዘቡን ቁም ነገር የኤሌክትሪክ መረብ የሚሠራው ለዓመቱ ድምር ሳይሆን ለዕለቱ እጅግ ከባድ ሰዓት መሆኑን ነው። ይህንን የተረዱ አገሮች ተራን በሕግ ደንግገዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ የቤት ቻርጀር ሁሉ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሸክም የሚበዛባቸውን ሰዓቶች አልፎ እንዲሞላ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ከዚህም ባሻገር ቻርጀሮች ሁሉ በአንዲት ደቂቃ ተነሥተው መረቡን እንዳያናጉት እያንዳንዱ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ በዕጣ እንዲዘገይ ተደርጓል። ባለቤቱ ከፈለገ ሰዓቱን ሊለውጥ ይችላል፤ ሳያስብበት ከተወው ግን ተራው ይጠበቃል። እንደኛው ኃይሏን በአብዛኛው ከውኃ በምታገኘው በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት 10 አዲስ አውቶሞቢሎች 9 ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። የኖርዌይ ሀብት የእኛ አይደለም፤ እንዳለም መቅዳት አይገባም። ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት ገብቶ መረቡ ሳይፈርስ መኖር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን የሚታዩ የተሳሳቱ አመለካከቶችን ሳንነካ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የመጀመሪያው «በገንዘቤ በገዛሁት መኪና፣ በከፈልኩበት ቆጣሪ የፈለግሁትን አደርጋለሁ» የሚለው ግለኛ አመለካከት ነው። ቆጣሪው የግል ነው፤ ከቆጣሪው በስተጀርባ ያለው ትራንስፎርመር ግን የሁለት መቶ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ተቃራኒ መስሎ የሚታየው፣ «ይህ መኪና የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ነው መብራት የጠፋው፤ ይቅርብን» የሚለው ወደ ኋላ የሚጎትት አመለካከት ነው። ሥርዓት ያጣን መሣሪያ በሥርዓት ማስያዝ እንጂ መሣሪያውን መወርወር የሠራተኛ ልማድ አይደለም። ሦስተኛው ሁሉንም ለዋጋ እንተውለት የሚለው ነው። በእርግጥ ዋጋ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየተሻሻለ መሆኑ ይታወቃል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍም እንደ ፍጆታው መጠን የተከፋፈለ ነው። ነገር ግን መጠንን ብቻ የሚለይ፣ ሰዓትን የማይለይ ዋጋ በምሽቱ 1 ሰዓት የሚሰካውንና እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚታገሠውን በአንድ ዓይን ያያቸዋል። ዋጋው በሁሉም ሰዓት እኩል ከናረ ደግሞ ቅጣቱ የሚያርፈው በባለመኪናው ላይ ሳይሆን ሌላ አማራጭ በሌላት ጋጋሪ ላይ ነው።

ሂስ ለጎረቤት ብቻ አይደለም፤ በኃላፊነት ቦታ ያሉ አካላትም ሊቀበሉት ይገባል። መኪናው ከመሙያ ጣቢያው ቀድሞ ገብቷል። ያሉትም ጣቢያዎች አብዛኞቹ በአዲስ አበባ የተከማቹ ናቸው። የትኛው ሠፈር ስንት መኪና እንዳለው፣ የየትኛው ትራንስፎርመር ሸክም ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ የጥገና ሠራተኛው ሁልጊዜ ከፍንዳታ በኋላ የሚደርስ ይሆናል። ሠራተኛው በሌሊት ምሰሶ ላይ ወጥቶ ለሚከፍለው መሥዋዕትነት ምስጋና ይገባዋል፤ ከምስጋናው ይልቅ የሚጠቅመው ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ዕቅድ ነው።

ከሁሉም በላይ መነሣት ያለበት የቅድሚያ ጥያቄ ነው። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ መስመር አልደረሰውም። መብራት ካገኘው ውስጥም አውቶሞቢል ያለው ጥቂቱ ነው። ሰፊው ሠራተኛ የሚጓጓዘው በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ ታክሲና በባጃጅ ነው፤ በአዲስ አበባም ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀላሉ ባቡር ነው። እንግዲያውስ ለተሽከርካሪ የሚውለው ኃይል በመጀመሪያ መድረስ ያለበት ለብዙኃን መጓጓዣ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ የብዙ አውቶሞቢሎችን ተሳፋሪ ያመላልሳል፤ ሌሊት በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚያድርም የራሱ ትራንስፎርመር ተተክሎለት፣ ተራው በአንድ ተቆጣጣሪ ተመድቦለት፣ የማንንም ምጣድ ሳያቀዘቅዝ ሊሞላ ይችላል።

ይህ የቅድሚያ ጥያቄ ከዋና ከተማው ርቆ ሲታይ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ከሰሜን ተራሮች የሚወርዱት ውኃዎች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ ተከዜም እንደተባለው ተገድቦ ኃይል ያመነጫል። ይሁንና ከሳንቃ በር አፋፍ ቆሞ ማታ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ በገደሉ ሥር ካሉት የገጠር መንደሮች ብዙዎቹ ከኩራዝና ከትንሽ የፀሐይ መብራት ያለፈ ብርሃን የላቸውም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ ደግሞ ከዚያ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህ መንገድ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲበዛ ደባርቅ የግድ የመሙያ ማዕከል ትሆናለች። ምክንያቱም ተፈጥሯዊ ነው። ከዛሪማ ቆላ ወደ ደባርቅ ደጋ የሚወጣ ተሽከርካሪ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል 1,000 ሜትር ለመውጣት ብቻ፣ አንድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ 12 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ከሆነ የስምንት ምጣድ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ማመንጫ እየሠራ የተወሰነውን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚወርደው እያተረፈ፣ ወደ ደቡብ የሚወጣው እየተራበ ደባርቅ ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የደጋው ብርድ አለ፤ ብርድ የመታው ባትሪ ቀስ እያለ ይሞላል።

እንግዲህ በደባርቅ ወይም በዳባት አንድ ባለ 120 ኪሎዋት ፈጣን መሙያ ቢተከል፣ አንድ መኪና በተሰካ ቁጥር 30 ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ ተጣደ ይቆጠራል። ይህ መሙያ የከተማው ሕዝብ በሚጠቀምበት ነባር ትራንስፎርመር ላይ ከተቀጠለ፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣና የእህል ወፍጮው ከመንገደኛ ጋር ሊሻሙ ነው። የራሱ መስመርና ትራንስፎርመር ከተተከለለት ግን መንገደኛው ይሞላል፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሊጎበኝ የሚመጣው እንግዳም ዋልያውንና ጭላዳውን በጭስና በጩኸት ሳያውክ ይሄዳል፤ ለእንግዶቹ የተዘረጋው መስመርም ወደ አጎራባች የገጠር ቀበሌዎች የሚቀጠልበት መነሻ ይሆናል። ለመኪና የሚዘረጋ ሽቦ በመብራት አልባ መንደር አናት ላይ አልፎ መሄድ የለበትም። መርሑ ይህ ሊሆን ይገባል።

በመሆኑም የሚከተሉት ተግባሮች ከፊታችን ተደቅነዋል። አንደኛ፣ የኃይል አከፋፋዩ ድርጅት በየሠፈሩ የሚተከለውን የቤት ቻርጀር ይመዝግብ፤ በሦስቱ ፌዞች እኩል ያከፋፍል፤ ከ5 ሰዓት ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ንጋት ለሚሞላ ረከስ ያለ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ምሽት ለሚሞላ ከፍ ያለ ታሪፍ ያውጣ። ሁለተኛ፣ ወደ አገር የሚገባ ወይም በአገር የሚገጣጠም ቻርጀር ሁሉ ሰዓት የሚቀበልና ራሱን የሚያዘገይ መሆኑ እንደ ግዴታ ይያዝ። ሦስተኛ፣ የነዋሪዎች ማኅበራት የመሙያ ሰዓት ድልድል ያውጡ። ይህ ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። አርሶ አደሩ የመስኖውን ውኃ በውኃ አባት አማካይነት በተራ ያጠጣል፤ በወፍጮ ቤት ቁና የያዘችውም ጆንያ የጫነውም ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በወንፈል ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ይታጨዳል። የውኃውን ተራ የምናውቅ ሰዎች የኤሌክትሪኩን ተራ ማወቅ አያቅተንም። አራተኛ፣ ሠራተኞች በየመሥሪያ ቤታቸው ግቢ በቀን የሚሞላበትን ሥፍራ፣ በተቻለም መጠን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መጠለያ እንዲዘጋጅ በማኅበራቸው በኩል ይጠይቁ፤ ቀን የሞላ መኪና ማታ ከምጣድ ጋር አይጋፋም። አምስተኛ፣ ባለመኪናው ራሱ ባትሪው ከግማሽ በላይ እያለው በየምሽቱ የመሰካትን ልማድ ይተው።

በገደል አፋፍ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ የጫኑ በቅሎዎች ጎን ለጎን አይሄዱም። ነጋዴው አንዷን አሳልፎ ሌላዋን ያስከትላል፤ ሲመሽ ሁሉም ጭነታቸውን ሳይጥሉ ከሰፈሩበት ይደርሳሉ። የተጋፉ እንደሆነ ግን የምትወድቀው አንዷ ብቻ አይደለችም፤ መንገዱም ይዘጋል። የየሠፈራችን ትራንስፎርመር እንዲሁ ጠባብ በር ነው። እስኪሰፋ ድረስ በተራ እንለፍበት፤ እንዲሰፋም በተደራጀ ድምፅ እንጠይቅ። ያን ጊዜ በሕዝብ ገንዘብ የተገደበው ወንዝ መኪናውንም ይነዳል፣ ምጣዱንም ያግላል፣ ከሳንቃ በር ሥር ላለው መንደርም ያበራል።